«አርሶ አደር» ማን ነው? ስለ አንድ ስያሜ አጭር ሂስ

በገጠር በጉልበቱ የሚኖረውን ሰው የምንጠራባቸው ቃላት ባለፉት ስድሳ ዓመታት ምን ያህል እንደ ተለዋወጡ ለአንባብያን የተሰወረ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከእነዚሁ አንዱን፣ ማለትም «አርሶ አደር» የተባለውን ነው። ቃሉን ራሱን አንነቅፍም፤ የምንነቅፈው ለገጠር ሰው ሁሉ መጠሪያ አድርጎ የመያዝን ልማድ ነው።

«ገበሬ» ሠራ፣ አደረገ ከሚለው ከግእዙ «ገብረ» የወጣ ሲሆን ከ«ግብር»ና ከ«ገባር» ጋር አንድ ሥር ይጋራል። ገባር በመነሻው ግብር ከፋይ ማለት ነው፤ ባለ ርስቱም ገባር ይባል ነበር። ከ19ኛው ምእተ ዓመት ማብቂያ ወዲህ ግን በደቡብ ለነፍጠኛው በጉልበቱና በእህሉ እንዲያገለግል የተመደበው ሰው መጠሪያ ሆኖ ክብሩን አጣ። «ባላገር»ም የአገር ባለቤት ማለት ሆኖ ሳለ በከተሜው አፍ መስደቢያ ሆኗል። የቃላቱ ቅርጽ አልተለወጠም፤ ፍቺያቸውን ዝቅ ያደረገው የተጠሪው ሰው ኑሮ መዋረዱ ነው።

«አርሶ አደር» ይህን ውርደት ለማራቅ የሚያመች ስያሜ ሆኖ ተገኘ። አርሶ የሚያድር፣ በላቡ የሚኖር ማለት ነው፤ «ሠርቶ አደር»ም በዚሁ መንገድ የተበጀ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 «ዘላን» ያለውን ሰው የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ «አርብቶ አደር» ማለቱም ይኸው የክብር ፍለጋ ነው።

ይሁን እንጂ ስያሜው ሦስት ጠባብ በሮች አሉት። አንደኛ፣ ማረስ በበሬና በሞፈር የሚደረግ ሥራ ነው፤ እንሰት ተክሎ በመቆፈሪያ የሚቆፍረው የጉራጌ ወይም የሲዳማ ሰው በቃሉ ጥሬ ፍቺ አይገባም። ሁለተኛ፣ «አርሶ» የወንድ አንቀጽ ነው። «አርሳ አደር» የሚል የለም፤ የሚባለው «ሴት አርሶ አደር» ነው። ሦስተኛውና ዋናው የይዞታ ጉዳይ ነው።

አንድ የተለመደ ሁኔታ እንውሰድ። ባሏ የሞተባት ሴት መሬት አላት፤ ነገር ግን በአካባቢው አነጋገር «ገበሬ የላትም»። ስለዚህ መሬት የሌለው ጎረቤት በእኩል ያርስላታል። ከሁለቱ አርሶ አደር ማን ነው? በቃሉ ፍቺ ከሄድን እርሱ ነው፤ የሚያርሰው እርሱ ነውና። የ1997ቱ አዋጅ ግን አርሶ አደርን የፈታው የገጠር መሬት ይዞታ መብት የተሰጠውና ከዚያ በሚገኝ ገቢ የሚተዳደር ሰው ብሎ ነው። በዚህ ፍቺ አርሶ አደሯ እርሷ ናት፤ አራሹ ስም አልባ ነው።

ይህ ለውጥ ቀላል አይደለም። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ «አራሽ» ያሉት መሬት የሌለውን ሰው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የጭሰኛና የባለ መሬት ግንኙነትን ሻረ፤ በቅጥር ጉልበት ማሳረስንም፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ ከሌላት ሴት፣ ከሕመምተኛ፣ ከሽማግሌና ይህን ከመሳሰሉት በቀር፣ ከለከለ። «ጭሰኛ» የታሪክ ቃል ሆኖ ቀረ። በኋላ ግን መሬት ማከራየት ሲፈቀድ በሰው መሬት ላይ የሚያርሰው ሰው በሕግ ፊት ተመልሶ መጣ፤ ስሙ ግን አብሮት አልመጣም። ሕዝቡ «የእኩል አራሽ»፣ «የሲሶ አራሽ» እያለ ሲጠራው የጽሕፈቱ ቋንቋ በ«አርሶ አደር» ውስጥ ደብቆታል።

ጉዳቱ በትርጉም ሥራ ይገለጣል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 8 ቀን 2011 ዓ.ም. ስለ ገበሬዎችና በገጠር ስለሚሠሩ ሌሎች ሰዎች መብቶች ያወጣው መግለጫ በአንቀጽ 1 መሬት የለሾችን፣ ዘላን ማኅበረሰቦችን፣ ቅጥርና ወቅታዊ ሠራተኞችን ለይቶ ይጠራል። ይህን ሁሉ «አርሶ አደሮች» ብሎ የሚተረጉም ሰው መግለጫው ሊያስታውሳቸው የፈለጋቸውን ሰዎች በአንድ ቃል ያስወጣቸዋል።

ስለሆነም ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። መዝገበ ቃላት «አርሶ አደር»ን በሁለት ተራ ቁጥር፣ አንዱን በሥራው፣ ሁለተኛውን በይዞታው ይፍቱት። «የእኩል አራሽ»ና መሰሎቹ እንደ ተራ ንግግር ሳይታዩ በሙያ ቃልነት ይመዝገቡ። ለጠቅላላው መጠሪያ ደግሞ «በገጠር ሠርቶ የሚኖር» የሚለው ሐረግ ይያዝ፤ «ሠርቶ አደር» ያጥራል፤ ነገር ግን የኢሠፓ ልሳን የነበረው ጋዜጣ ስም ስለ ነበር ያ ቀለም ገና አልለቀቀውም። ሐረጉ ይረዝማል የሚል ቢኖር፣ አንድን ሰው ከስሙ ውጭ ከማስቀረት ሁለት ቃል መጨመር ይሻላል እንላለን።