ከማካፈል በፊት

ከአዲስ አበባ አራዳ ክፍለ ከተማ ቤት ለቤት ተሞልቶ የመጣ መጠይቅ ስቀበል አስቀድሜ የማየው የቁጥሩን ዓይነት ነው። «ወረዳ 04» የቦታ መለያ ነው፤ የቤት ቁጥርም እንዲሁ፤ ተደምረው ቢካፈሉ ትርጉም የላቸውም። የትምህርት ደረጃ ቅደም ተከተል አለው፤ 8ኛ ክፍል ከ4ኛ ይበልጣል፣ እጥፍ ዕውቀት ነው ግን አያሰኝም። የቤተሰብ ብዛት ይቆጠራል፤ የቤት ስፋት ይለካል። ኮምፒዩተር ይህን ሁሉ አይለይም፤ የወረዳ መለያዎችን አማካይ አውጣ ቢሉት ያወጣል። መለየት የባለሙያው ኃላፊነት ነው።

የግንቦት 1999 ዓ.ም. ቆጠራ በአዲስ አበባ 2,739,551 ሰው መዘገበ። ይህ ለያኔዎቹ 10 ክፍለ ከተሞች ሲካፈል አማካዩ 273,955 ነው። ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረን መሐል ላይ የሚውሉትን አዲስ ከተማን (255,372) እና ጉለሌን (267,624) ደምረን ለሁለት ስናካፍል ግን መሐለኛው ቁጥር፣ ሜዲያኑ፣ 261,498 ይሆናል። አማካዩን ሽቅብ የሳበው በዋናነት 428,895 ነዋሪ የነበረው ኮልፌ ቀራንዮ ነው። አራዳ በ211,501 ከሁለቱም በታች ነበር።

ታዲያ አራዳ ሰው የሳሳበት ነበር? የአራዳዎቹን ሠራተኛ ሰፈርን ወይም ዶሮ ማነቂያን ያኔ ያየ እንዲህ አይልም። ያ ሁሉ ሰው የሰፈረው 10 ካሬ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መሬት ላይ ነበር፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ21,000 በላይ ማለት ነው። 308,995 ነዋሪ የነበረው ቦሌ የያኔ ስፋቱ ከ120 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጥ ስለነበር ወደ 2,500 ብቻ ይደርሰው ነበር። የከተማው አማካይ 5,200 ገደማ ነበር፤ የአንዳቸውንም ኑሮ አይናገርም።

ሞድ፣ ማለትም ከሁሉ በላይ የተደጋገመው ቁጥር፣ ደግሞ በተለይ ዕድሜ ላይ ብዙ ያስተምራል። የተወለደበትን ዓመት በትክክል የማያውቅ ሰው «ሠላሳ ይሆነኛል» ይላል፤ ቆጣሪው 30 ብሎ ይሞላል። በዕድሜ ሠንጠረዥ ላይ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ከጎረቤቶቻቸው በላይ የሚጎሉት ለዚህ ነው። እዚያ ሞዱ የሚያሳየው የአነጋገር ልማድን ነው።

በ2016 ዓ.ም. በአራዳ የነበሩ የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ብዙ ነዋሪ ወደ ሌላ አካባቢ ተዛውሯል። ከ1999 ወዲህ ደግሞ ሀገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ አልተካሄደም። ስለዚህ «በአራዳ በነፍስ ወከፍ» የሚል ዘገባ ሲደርሰኝ አካፋዩ የየትኛው ዓመት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ወጣት ባልደረቦቼንም አደራ የምለው ይህንኑ ነው፦ አማካይ ስትጽፉ ምን ለስንት እንደተካፈለ፣ መቼ እንደተቆጠረም አብራችሁ ጻፉ። ውኃም፣ ጤና ጣቢያም፣ ትምህርት ቤትም የሚታቀደው በዚያ ቁጥር ነው።