ፊልሙ ታጨ፤ ባለታሪኩስ?

እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 2022 በሎስ አንጀለስ የኦስካር መድረክ ላይ ተዋናዩ ዊል ስሚዝ ኮሜዲያኑን ክሪስ ሮክን በጥፊ ሲመታው ዓለም ጉድ አለ። ክሪስ ሮክ በዚያች ሰዓት ወደ መድረኩ የወጣው የዓመቱን ምርጥ ረጅም ዘጋቢ ፊልም ሊያስታውቅ እንደነበረ ልብ ያለው ግን ጥቂት ነው። ያሸነፈው «ሰመር ኦቭ ሶል» በጥፊው ወሬ ተዋጠ። ከመጨረሻዎቹ 15 ፊልሞች ተርታ ደርሶ ለ5ቱ እጩዎች ሳይበቃ የቀረው፣ በሐረርና በአካባቢዋ የተቀረጸው የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» ደግሞ በዚያ ምሽት ስሙ የሚነሣበት ስፍራ አልነበረውም።

ይህን የምናነሣው የጥፊውን ወሬ ለማደስ አይደለም። የኦስካር የዘጋቢ ፊልም ሽልማት የሚመዝነው ምንድን ነው? የተቀረጸውን ሰው መከራ ነው ወይስ የቀራጩን ጥበብ? ምሥራቅ አፍሪካ በዚህ መድረክ የታየችባቸው ፊልሞች መልሱን ይጠቁማሉ።

አካዳሚው ዘጋቢ ፊልምን መሸለም የጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1942 ነው። ዳኝነቱም ከነቀፋ ተለይቶ አያውቅም። በ1995 ሁለት የቺካጎ ጥቁር ታዳጊዎችን ለዓመታት የተከተለው «ሁፕ ድሪምስ» ከእጩዎች ዝርዝር ውጭ ሲሆን ታላቅ ቁጣ ተቀሰቀሰ። ሃያሲው ሮጀር ኢበርት በኋላ እንደጻፈው፣ የያኔዎቹ መራጮች ፊልሙ ሲሰለቻቸው የእጅ ባትሪ እያበሩ እንዲቋረጥ ያደርጉ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ያህል ከሚፈጀው ከዚህ ሥራም የተመለከቱት ሩብ ሰዓት ያህሉን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ደጋግሞ ተሻሽሏል። ዛሬ እጩዎቹን የሚለዩት የዘርፉ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ አሸናፊውን የሚመርጡት መላው የአካዳሚው አባላት ናቸው።

በ2006 ከእጩዎቹ አንዱ የኦስትሪያዊው ሁበርት ሳውፐር «የዳርዊን ቅዠት» ነበር። ሥፍራው በታንዛኒያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ያለችው ሙዋንዛ ናት። ናይል ፐርች የተባለው ዓሣ ሥጋው በጭነት አውሮፕላን ወደ አውሮፓ ሲሄድ፣ ጭንቅላቱና አጥንቱ ለአገሬው ሰው ይቀራል። ሳውፐር ይህን ሲያሳይ ብርቱ ነው፤ ምስሉ ራሱ ይናገራልና ማብራሪያ አያበዛም። ወደ አፍሪካ የሚመጡት አውሮፕላኖች የጦር መሣሪያ እንደሚያመላልሱ የሚጠቁምበት ክፍል ግን ከማስረጃው ይልቅ በጥርጣሬው ይጠነክራል። ፕሬዚዳንት ጃካያ ኪክዌቴ በዚያው ዓመት ፊልሙን በአደባባይ አወገዙ፤ በፊልሙ የተናገረ አንድ የአገሩ ጋዜጠኛም ለእንግልት ተዳረገ። ሽልማቱን «የፔንግዊኖች ጉዞ» ወሰደ። ፊልም ሠሪው ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ የተናገረው ሰው ግን ከተናገረው ጋር እዚያው ቀረ። ዳኞች ለዚህ ልዩነት የሚሰጡት ነጥብ የለም።

በ2008 የታጨው «ዋር ዳንስ» በሰሜን ኡጋንዳ፣ በፓቶንጎ የተፈናቃዮች ሰፈር የሚኖሩ ልጆች በካምፓላ ለሚደረግ ብሔራዊ የሙዚቃና የጭፈራ ውድድር ሲዘጋጁ ያሳያል። ጭፈራው ሲጀመር ፊልሙ ሕይወት ይዘራል፤ ልጆቹ ከተረጂነት ወጥተው ባለሙያ ሆነው ይታያሉ። ሆኖም ሕፃናቱ የቤተሰባቸውን ሞት ፊት ለፊት ለካሜራው እንዲተርኩ ሲደረግ፣ ብርሃኑና መልክዓ ምድሩ ከመጠን በላይ ተውቧል። ሐዘን እንዲህ ሲያምር ተመልካቹ የሚያደንቀው ቀራጩን ነው።

በ2024 ነገሩ መልኩን ለወጠ። አካዳሚው ከ2016 ወዲህ ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ባለሙያዎችን በብዛት በአባልነት ጋብዞ ነበርና፣ በዚያ ዓመት 5ቱም እጩዎች ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ታሪኮች ሆኑ። ከእነዚህ አንዱ «ቦቢ ዋይን፦ ዘ ፒፕልስ ፕሬዚደንት» ነው። ከክሪስቶፈር ሻርፕ ጋር ያዘጋጀው ኡጋንዳዊው ሞሰስ ብዋዮ ነው። ብዋዮ በ2020 የምርጫ ዘመቻውን ሲቀርጽ ፊቱን በጥይት ተመትቷል፤ ኋላም አገሩን ጥሎ ተሰዷል። በሙዋንዛው ፊልም ዋጋ የከፈለው ተናጋሪው ብቻ ነበር፤ በዚህኛው ቀራጩም አብሮ ከፍሏል። ይህ ድፍረት ግን ፊልሙን ከሂስ አያድነውም። ካሜራው ከባለታሪኩ ትከሻ ርቆ አያውቅም፤ በመሆኑም ሙዚቀኛው ፖለቲከኛ ሲሆን የተነሡበትን ጥያቄዎች አንሰማም፤ ምስክርነቱ አንዳንዴ ወደ ቅስቀሳ ያዘነብላል። ሽልማቱም ለዩክሬኑ «በማሪዮፖል 20 ቀናት» ሆነ።

ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ግልጽ ነው፤ አንዱ የሚያስደነግጥ ግፍ፣ ሌላው የሚያስለቅስ ልጅነት፣ ሦስተኛው የሚከተሉት ጀግና አለው። «ፋያ ዳዪ» ከእነዚህ አንዱንም አያቀርብም። ሐረርን በጥቁርና ነጭ፣ በጫት ቅጠልና በጢስ መካከል ያሳያል፤ ለመሰደድ የሚያስበውን ወጣት ሳይፈርድበት ያደምጣል። በሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር ካሜራውን ራሷ ይዛ ዓመታት ፈጅታበታለች። ትዕግሥቱ አንዳንድ ተመልካች ያሰለች ይሆናል፤ በእኔ ግምት ግን ከአራቱ ሥራዎች የሰውን ክብር ጠብቆ ያቀረበው ይኸኛው ነው። ከእጩነት የቀረውም ይኸው ነው።

ኦስካርን መንቀፍ ቀላል ነው፤ እኛስ? ታሪካችን ሎስ አንጀለስ ደርሶ ሲመዘን እየቆጠርን፣ በሙዋንዛና በፓቶንጎ የተቀረጹት ሰዎች ስለ ፊልሞቹ ምን አሉ ብለን አንጠይቅም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለዚህ ነው። የዛንዚባር ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ከ1998 ጀምሮ ለአካባቢው ፊልም መድረክ ሆኗል። እንዲህ ያሉ መድረኮች የኦስካርን ዳኝነት መድገም የለባቸውም። ዘጋቢ ፊልም ሲሸልሙ አንድ መመዘኛ ቢጨምሩ ይበቃል፤ ፊልሙ መጀመሪያ በተቀረጸበት ቀበሌ ይታይ፣ ባለታሪኮቹም ከዳኞች በፊት ይናገሩ። ያን ጊዜ የትኛው ፊልም ለሽልማት እንደሚበቃ ከእነርሱ አንደበት እንሰማለን።