ስህተቱም ሳይቀር

በኮሚክ መጽሔቱ «ኢንክረዲብል ሀልክ» ቁጥር 181፣ የአንባብያን ደብዳቤ በሚወጣበት ገጽ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ቴምብር ታትማለች። ቁጥሯ 54 ነው፤ ውስጧ ሻና የምትባለው የጫካ ጀግና ተሥላለች። አሳታሚው ማርቭል እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ እንዲህ ያሉ 100 ቴምብሮችን በየመጽሔቱ በትኖ ነበር። ልጆች በመቀስ እየቆረጡ አልበም ላይ እንዲለጥፏቸው ነው። ቆረጡም። ያን ጊዜ የመጽሔቱ ዋጋ 25 ሳንቲም ነበር። ዎልቨሪን የተባለው ገጸ ባሕርይ ሙሉ ታሪክ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚህ ቁጥር መሆኑ በኋላ ምን እንደሚያመጣ ማንም አላሰበም። ዛሬ ኦሪጅናሉን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚገልጠው የቴምብሯን ገጽ ነው። ቦታዋ ተቆርጦ ከተገኘ ዋጋው ክፉኛ ይወርዳል።

ማርቭል በ2019 የዚህን ቁጥር ፋክሲሚሌ ሲያወጣ ቴምብሯንም አብሮ አተመ። የድሮ የልዕለ ኃያላን ኮሚኮች ከዚያ በፊትም ደጋግመው ታትመዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ታሪኩ ብቻ ተለቅሞ በጥራዝ ይወጣ ነበር። ፋክሲሚሌ ከፊት ሽፋን እስከ ኋላ ሽፋን ነው። ማስታወቂያው አለ፤ ደብዳቤው አለ፤ ተሞልቶ በፖስታ የሚላከው ቅጽ ከነነጠብጣብ መስመሩ አለ። የሚጨመረው ጥቂት ነው፤ ባርኮድና የአዲሱ እትም የአሳታሚ መግለጫ። ገዝቶ ቴምብሯን በመቀስ የሚቆርጥ አንባቢ ቢኖር በበኩሌ ደስ ይለኛል። መጽሔቱን በታሰበለት መንገድ የተጠቀመበት እሱ ነው።

ማስታወቂያው መቅረቱ ምን ይጎዳል የሚል ሰው ጥራዙንና ፋክሲሚሌውን ጎን ለጎን ይግለጥ። መጽሔቱ ስምንት ወረቀት እጥፍ ተደርጎ፣ 32 ገጽ ሆኖ፣ ከሽፋኑ ጋር በሁለት ሽቦ የተሰፋ ነው። የታሪኩ ገጾች በማስታወቂያ መካከል ተሰካክተዋል። በቀኝ ገጽ ግርጌ ላይ የሚያልቀው ጭንቀት ቅጠሉ እስኪገለበጥ ድረስ መልስ የለውም። ማስታወቂያው ሲወጣ ገጾቹ ይገፋሉ። የቀኙ ወደ ግራ ይዛወርና አንባቢው ጥያቄውንና መልሱን በአንድ ዓይን ያያቸዋል።

ዋናው ሥራ ግን ቀለሙ ላይ ነው። አጉሊ መነጽር አውጥቶ የአንድ ገጸ ባሕርይ ጉንጭ ላይ ማድረግ ነው። የፈረንጅ ቆዳ ቀለም ተብሎ የሚታየው 25 በመቶ ቢጫና 25 በመቶ ማጀንታ ነው፤ ነጥብ በነጥብ ላይ። ባዶው የወረቀት ክፍል የቀረውን ይሠራል። በዚያ ዘመን ቢጫ፣ ማጀንታና ሲያን እያንዳንዳቸው በ25፣ በ50 ወይም በ100 በመቶ ይታተሙ ነበር። ያለመኖራቸውን ከቆጠርን ለእያንዳንዱ አራት ምርጫ አለ፤ አራት ጊዜ አራት ጊዜ አራት፣ 64 ቀለም። ጥቁሩ ለመስመርና ለጽሑፍ ለብቻው ነው። እነዚህን ቀለሞች የሚለዩት በኮነቲከት ግዛት፣ ብሪጅፖርት ከተማ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ሴቶች። ለአንድ ገጽ ዘጠኝ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ያስፈልጋል፤ ሦስት ቀለም፣ ለእያንዳንዱ ሦስት መጠን። በእያንዳንዱ ላይ የሚመለከተውን ቦታ ብቻ በብሩሽ ይደፍኑታል። ስማቸው መጽሔቱ ላይ አይጻፍም ነበር። ከዚያ በኢሊኖይ ግዛት፣ ስፓርታ ከተማ የነበረው ማተሚያ ቤት በጋዜጣ ወረቀት ላይ በፍጥነት ያትመው ነበር። ወረቀቱ ቀለሙን ይመጠዋል፤ ነጥቡ ይሰፋል፤ ቀዩ አንዳንዴ ከጥቁሩ መስመር አልፎ ይወጣል።

እንግዲህ ይህን መልሶ ማተም እንዴት ይሆናል? በነጥብ የታተመን ገጽ ስካን አድርጎ እንደገና በነጥብ ማተም ችግር አለው። የድሮው ነጥብና የአዲሱ ነጥብ ይጋጩና በገጹ ላይ ማንም ያልሣለው ሞገድ ይታያል። ማምለጫው ነጥቦቹን ማደብዘዝ ነው፤ ሞገዱ ይጠፋል፣ የእትሙ ገጽታም አብሮ ይጠፋል። ሌላው መንገድ እያንዳንዱ ነጥብ ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ በከፍተኛ ጥራት ማንሳት ነው። ሦስተኛው ቀለሙን ሙሉ በሙሉ ትቶ ጥቁሩን መስመር ብቻ መውሰድና እንደ አዲስ መቀባት ነው። ግሬግ ቲክስተን የተባለው ባለሙያ ለዚህ የሚሆን ዘዴ ነበረው፤ የድሮውን ገጽ በኬሚካል አጥቦ ቀለሙን ያስለቅቀዋል፣ ጥቁሩ ብቻ ይቀራል። ለመልሶ ማተሙ ሲባል አንድ ኦሪጅናል ቅጂ ይጠፋል ማለት ነው።

በ1987 የተጀመሩት የማርቭል ማስተርወርክስ ጥራዞች እንደገና ተቀብተው በነጭና በሚያብረቀርቅ ወረቀት ታተሙ። ጥንቃቄያቸው አይካድም፤ ለእኔ ግን ዓይን ይወጋሉ። መቶ በመቶ ቢጫ የተመረጠው ግራጫማ ወረቀት እንደሚያበርደው ታውቆ ነው። ወረቀቱ ሲነጣ ቢጫው የሚያበርደው ያጣል። የሀልክ ቁጥር 1ንም አስቡት፤ ሜይ 1962። ጭራቁ ግራጫ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ማተሚያው ግራጫውን አንድ ዓይነት አድርጎ መያዝ አቃተውና ሀልክ ከገጽ ገጽ ሲነጣ፣ ሲጠቁር፣ ወደ አረንጓዴ ሲያደላ ይታያል። ከቁጥር 2 ጀምሮ አረንጓዴ የሆነው በዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ ግራጫውን አስተካክሎ የሚያትም ሰው ንጹሕ ገጽ ያገኛል፤ ሀልክ ለምን አረንጓዴ እንደሆነ የሚያሳየውን ማስረጃ ግን ይደመስሰዋል።

የወረቀቱ ጉዳይ ከዚህም ይረቅቃል። የጋዜጣ ወረቀት ከእንጨቱ የቀረ ሊግኒን ስላለበት ከጊዜ ጋር ቢጫ ይሆናል። ፋክሲሚሌው መምሰል ያለበት መጽሔቱ ለሽያጭ የወጣበትን ቀን ነው ወይስ ዛሬ ሰብሳቢው ሣጥን ውስጥ ያለውን? እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። አንዳንድ አታሚ ግን ነጭ ወረቀት ላይ ክሬም ቀለም አትሞ እርጅናን ሊያስመስል ይሞክራል። ይህ በቀላሉ ይታወቃል። አጉሊ መነጽሩን ምንም ባልተሣለበት ኅዳግ ላይ ማድረግ ነው። ነጥብ ከታየ ክሬሙ ቀለም ነው፤ ጭረትና ክር ከታየ ወረቀቱ ራሱ ነው።

አሳታሚው ታሽን በ2021 የ1962–1964ን ስፓይደርማን ሲያወጣ በደንብ የተያዙ ኦሪጅናሎችን ፎቶ አንሥቶ ሠራ። ሦስት ዓይነት ወረቀት ተጠቅሟል፤ አንዱ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ፣ የማያብረቀርቅ ነው። ነጥቦቹ በደንብ ይታያሉ። ነገር ግን የኅትመት ጉድለቶቹን አርሟል፤ ቁመቱም ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ግሩም መጽሐፍ ነው፤ ፋክሲሚሌ ግን አልለውም።

ልኩ ነገሩ ሁሉ የሚፈተንበት ነው። አሳታሚው ዲሲ በ1974 የሱፐርማንን የመጀመሪያ መጽሔት፣ የጁን 1938ን «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1፣ በትልቅ መጠን መልሶ አሳተመ። ወፍራም የውጭ ሽፋን አለበሰው፤ ከሥሩ የቀድሞው ሽፋን እንዳለ ነበር። አጭበርባሪዎች የውጩን ሽፋን እየገነጠሉ የቀረውን እንደ ኦሪጅናል ሸጡት። ማስመሪያ የያዘ ገዢ አይታለልም፤ የ1938ቱ ቁመት ወደ 27 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የ1974ቱ ከ34 አያንስም።

የዛሬዎቹ ፋክሲሚሌዎች ስህተት በተቃራኒው ነው፤ ያንሳሉ። የ1974ቱ ሀልክ ወርድ ከ17 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ የ2019ኙ በዘመኑ ልክ ስለተቆረጠ ከ17 ትንሽ ይጎድላል። በእጅ ሲይዙት አይታወቅም። ሰብሳቢዎች በየዘመኑ ልክ የሚገዙት የፕላስቲክ ከረጢት ግን ያጋልጠዋል፤ ለድሮው በተሠራው ውስጥ አዲሱ ግራና ቀኝ ይንሸራተታል፣ ለአዲሱ በተሠራው ውስጥ ድሮው ጠርዙን ሳያጥፍ አይገባም።