የስደት ቅኔና የመመለስ ነገር

ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ በማኅሌተ ጽጌና በሰቆቃወ ድንግል የእመቤታችንን ስደት ታስባለች፤ ኅዳር 6 ቀንም በቁስቋም በዓል የስደቷን ፍጻሜ ታከብራለች። በዚህ ወራት በሽሮ ሜዳና በአካባቢው አድባራት የሚቀርበው ቅኔ ብዙ ነው። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህም ሰሙን ከእመቤታችን ስደት ወስዶ ወርቁን በዐረብ አገር ለተንገላቱት ልጆቻችን የሚሰጥ ቅኔ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ምስጢሩ የሚያስለቅስ ነው፤ ዳሩ ግን አንድ ጉድለት አይቼበታለሁና ዝም ብል ለቅኔውም ለተበደሉትም አላዘንሁም ማለት ነው።

በቅኔ ቤት መምህሩ አስቀድሞ የሚጠይቀው የግሡን ባለቤት ነው። በምንሰማው ቅኔ ግን ድንግል አለች፣ አሸዋው አለ፣ ጥሙም አለ፤ ሄሮድስ የለም። የሰቆቃወ ድንግል ደራሲ አሳዳጁን በስሙ ጠርቶታል፤ እኛ ግን ልቅሶውን ወርሰን ምስክርነቱን ተውነው። የአደባባዩም ቋንቋ ከዚህ አይሻልም፤ «ከስደት ተመላሽ» ይላል። ተመለሰ የሚለው ግሥ ሰውዬው ወድዶ የመጣ ያስመስላል፤ አባረረ ቢባል ግን ማን አባረረ፣ እንዴትስ አድርጎ አባረረ የሚል ጥያቄ ይከተላል።

ነገሩ ግን ባለቤት ነበረው። ጥቅምት 25 ቀን 2006 ዓ.ም. የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሠራተኞች እያሳደደ ይይዝ ጀመር። በሪያድ መንፉሓ በሚባለው ሰፈር ኢትዮጵያውያን ተደበደቡ፤ የሞቱም አሉ። በጥቂት ወራት ውስጥም ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወደ አገራቸው ተላኩ። ኅዳር 6 ቀን፣ በዚያው በቁስቋም በዓል ዕለት፣ በአዲስ አበባ በሳዑዲ ኤምባሲ አጠገብ ስለ ወገኖቹ ሊጮኽ የወጣውን ሕዝብ የገዛ አገሩ ፖሊስ በተነው፤ ብዙዎችንም አሠረ።

መንግሥት ያለ ፈቃድ የገባውን እንግዳ ከአገሩ ሊያስወጣ ሥልጣን አለው የሚል ሰው እውነት ይናገራል። ነገር ግን የማስወጣት ሥልጣን የመደብደብ ሥልጣን አይደለም፤ ወደ ሞት ወይም ወደ ሥቃይ የመላክም ሥልጣን አይደለም። ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. በዚህችው በአዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ያጸደቀው የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ ያለ ፈቃዱ እንዳይመለስ፣ ሕይወቱም ወደሚያሰጋበት አገር እንዳይገፋ ደንግጓል። ሳዑዲ ዐረቢያም የገባችበት ሥቃይን የሚከለክለው የዓለም ስምምነት ማንንም ሰው ሥቃይ ወደሚጠብቀው አገር መመለስን ይከለክላል።

ወንጌላዊው ማቴዎስም ይህን አስቀድሞ አስተምሮናል። መልአኩ ዮሴፍን ተመለስ ያለው ሕፃኑን ሊገድሉ የሚሹት ከሞቱ በኋላ ነው። ያም ሆኖ ዮሴፍ በይሁዳ አርኬላዎስ እንደ ነገሠ በሰማ ጊዜ ፈርቶ ወደ ገሊላ ሄደ። እንግዲህ ስደት ድንበር በመሻገር ብቻ አያልቅም፤ በደጅ የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

ይህ ትርጓሜ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት ባወጣው ዘገባ፣ ከሳዑዲ ዐረቢያ ተባርረው የገቡ የትግራይ ተወላጆች በአዲስ አበባና በሌላም ስፍራ በመንግሥት ሰዎች እንደ ታሠሩ፣ የተደበደቡም እንዳሉ ገልጿል። የዐረብን ምድር አሸዋ በቅኔው የሚወቅስ ባለቅኔ ሁሉ ይህን በሰማ ጊዜ ዝም ካለ፣ ሄሮድስን ጠርቶ አርኬላዎስን እንደ ሸሸገ ይቆጠርበታል።

ስለዚህ ወንድሞቼ ባለቅኔዎች ሆይ፣ በሚመጣው ጽጌ ወርቁን ስታወርዱ ባለቤቱን አትርሱ፤ ያባረረውንም ተቀብሎ ያሠረውንም በእውነት ጥሩት። እግዚአብሔር በየአገሩ የተበተኑትን ወገኖቻችንን በሰላም ይመልስልን፤ የሚገቡበትንም ደጅ የሰላም ደጅ ያድርግልን። አሜን።