የውሃ ስም፣ የዘይት ስም

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ከተማ ሁለት ስም አላት። ታፔላው ቢሾፍቱ ይላል፤ ቃሊቲ ላይ ተሳፋሪ የሚጠራው ረዳት ደግሞ «ደብረ ዘይት! ደብረ ዘይት!» ይላል። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከሁለቱ አንዱን መጻፍ መታወቂያ እንደማሳየት ሆኗል፤ ሰው የጻፍከውን ሳይሆን የጠራህበትን ስም አይቶ ወገንህን ይወስናል። እኔን የሚገርመኝ ይህን ያህል ስንጣላባቸው ስሞቹን የሚያነባቸው ሰው መጥፋቱ ነው። እስቲ እናንብባቸው።

ደብረ ዘይት ግእዝ ነው። ደብር ተራራ፣ ዘይት ወይራ፤ ኢየሩሳሌም አጠገብ ያለው የወይራ ተራራ ማለት ነው። የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድም በዚሁ ስም ይጠራል። ከተማዋ ስሙን ያገኘችው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሲሆን፣ አዳማም ናዝሬት የተባለችው በዚያው በንጉሡ ጊዜ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ሐሳቡ ግልጽ ይሆናል፦ የወንጌሉን ካርታ በአገሩ ካርታ ላይ ማንጠፍ። ስሙ ያምራል፣ አልክድም። ነገር ግን ስለ ቦታው ምንም አይነግረንም። ቦታው ላይ ቆሞ ያየ ሰው ሳይሆን መጽሐፍ አንብቦ የመጣ ሰው ያወጣው ስም ነው። ዛሬማ «ዘይት» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን በሊትር የምንገዛው ነው።

ቢሾፍቱ ደግሞ ኦሮምኛ ነው። «ቢሻን» ውሃ ማለት ነው፤ የከተማዋም ስም በተለምዶ የሚፈታው ውሃ የበዛበት ቦታ ተብሎ ነው። ይህን ስም ያወጣ ሰው ዙሪያውን አይቷል፦ ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ሆራ አርሰዲ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ አረንጓዴ ሐይቅ፣ ጨለለቃ። አብዛኞቹ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ውሃ ይዘው ነው ሐይቅ የሆኑት። በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ አካባቢ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ሆራ አርሰዲ ዳር ለምስጋና ሲወጣ፣ ኢሬቻ የከተማዋን ስም እየተረጎመልን ነው ማለት ይቻላል። መስከረም 22 ቀን 2009 በዚያው በዓል ላይ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ግን ስሙ ሐዘንም ተሸክሟል። ስለዚህ «ስም ነው እኮ፣ ምን ያጨቃጭቃል?» የሚለው ክርክር ለእኔ አይዋጥልኝም።

«ስም ሁሌም ይቀየራል፤ ደብረ ማርቆስስ ድሮ መንቆረር አልነበረችም?» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ነበረች። ግን ጥያቄው ስም ይቀየራል አይቀየርም አይደለም። የሚቀይረው ማነው? ሲቀየርስ የነዋሪው ቋንቋ ከታፔላው ይጠፋል ወይስ ይቀራል? እዚህ ላይ ለእኔ ቢሾፍቱ ይበልጣል። ከደርግ ውድቀት በኋላ መደበኛ ስም ሆኖ መመለሱም ተገቢ ነው።

ይህን ስል ግን ደብረ ዘይት የሚለውን ሁሉ እየተከታተልኩ ላርም አልልም። ልጅነቱን እዚያ ስም ውስጥ ያሳለፈ ትውልድ አለ። እዚያው ከተማ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው የጤፍ ዝርያዎች፣ ቁንጮን ጨምሮ፣ የምርምር መለያቸው «ዲዜድ» ብሎ ይጀምራል፤ ደብረ ዘይት ማለት ነው። ስሙ ከታፔላው ወርዶ በእንጀራችን ውስጥ አለ። አንዲት እናት «ደብረ ዘይት ደርሼ መጣሁ» ሲሉ «እማማ፣ ቢሾፍቱ ይበሉ እንጂ» ማለት ታሪክ ማስተካከል አይደለም፤ ሰው ማሳፈር ነው።

ዋናው ነገር ወዲህ ነው። ቢሾፍቱን ከደብረ ዘይት የሚያስበልጠው ስለ ቦታው እውነት መናገሩ ከሆነ፣ እውነቱ መቀጠል አለበት። አሁን ከተማዋ ሄዳችሁ ሐይቅ ለማየት ብትሞክሩ፣ ብዙ ቦታ ላይ ዳርቻው የሆቴልና የሪዞርት ግቢ ነው። ውሃ በበዛበት ቦታ ውሃውን ለማየት መጀመሪያ ማኪያቶ ማዘዝ ያስፈልጋል። ኩሪፍቱን ተመልከቱ፤ የሐይቅ ስም ነው፣ እኛ ወጣቶቹ ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው የሪዞርት ስም ሆኖ ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር እንኳን ኩሪፍቱ አለ። አንድ ሐይቅ ስሙን ሌላ ሐይቅ ዳር በታፔላ ላይ ያያል ማለት ነው። ይህ ስም መቀየር አይደለም፤ ማንም አልተሰለፈበትም፣ ማንም አልተሰዳደበበትም። ግን ቃሉ ትርጉሙን ለቆ ሲሄድ እያየን ነው።

ጨለለቃ ደግሞ ጥልቀት የሌለው፣ ክረምት ሞልቶ በጋ የሚሸሽ ውሃ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ካልጠበቁት በቀላሉ ሜዳ ይሆናል፤ ሜዳ ከሆነ ደግሞ መሬት ፈላጊ አያጣም። ያን ጊዜ ቢሾፍቱም እንደ ደብረ ዘይት ስለ ሌላ ቦታ የሚናገር ስም ይሆናል። አንደኛው ስለ ሩቁ ኢየሩሳሌም፣ ሌላኛው በፊት እዚሁ ስለነበረች ከተማ።

ስለዚህ ከእንግዲህ በስም ጉዳይ የሚያርመኝ ሰው ሲገጥመኝ እታረማለሁ፤ ደስ ይለኛልም። መልሼ ግን አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ጨለለቃ ዘንድሮ ምን ያህል ውሃ ያዘ?