የቀለበቷ አመላለስ

በባለማዞሪያ ስልክ ከሁሉ አብልጬ የምወደው የቁጥር ቀለበቷ ስትመለስ የምታሰማው ድምፅ ነው። በጣት ስትዞር ሞላው ይጠብቃል፤ ስትመለስ መስመሩን በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል እየቆረጠች ቁጥሩን ታስቆጥራለች። 5 አምስት ቁርጥ ነው፤ 0 በአብዛኞቹ ስልኮች አሥር።

እንደ ሮቢት ባለ የራያ ቆላ፣ የቆቦ ሜዳ አቧራ በየስንጥቁ በሚገባበት አገር፣ በውስጧ ያለው ዘይት ይረጋና ቀለበቷ ታዘግማለች። ያኔ ቆጠራው ይሳሳትና የተደወለለት ሌላ፣ የሚያነሳው ሌላ ይሆናል። ደግነቱ ብልሽቱ አይደበቅም! 0ን አዙሮ ጆሮ መስጠት ነው፤ በአንድ ሰከንድ ገደማ፣ በእኩል ምት ከተመለሰች ደህና ናት። ካነከሰች የረጋውን ዘይት መጥረግ፣ መገናኛዎቹን በንጹሕ ወረቀት ማሸት፣ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት ማኖር። ሞላውን መነካካት የመጨረሻው ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቆሻሻው ነው።