አባትን ይዞ አገር ማየት
(ስለ ፎርስተር «አሻግሮ የሚያሳይ ክፍል» የቀረበ ሐተታ)

አገር ለማየት የወጣ ሁሉ አገር አይቶ ይመለሳል ማለት አይደለም። ብዙው መንገደኛ እንዲያይ የተነገረውን ብቻ አይቶ፥ እንዲያደንቅ የታዘዘውን አድንቆ ይመለሳል። ይህም በተለይ የሚታየው ብዙ ሰዎች በማኅበር ሆነው፥ መሪ ተከትለው፥ ሰዓት ተቈጥሮላቸው በሚያደርጉት ጉብኝት ላይ ነው። ከተጓዡ ጋራ አባት ወይም እናት ያሉ እንደ ሆነ ደግሞ ሌላ ፈተና ይጨመራል፤ ይኸውም ልጅ ዓይኑን ከሕንፃው ላይ አንሥቶ፥ ወላጄ አሁን ምን ይናገሩ ይሆን? ማንስ ይታዘበን ይሆን? እያለ መሳቀቁ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤድዋርድ ሞርጋን ፎርስተር ይህን ነገር በ1908 ዓ.ም. ባሳተመው ልብ ወለድ ታሪክ እንዴት እንደ መረመረው ለአንባቢዎቻችን ለማሳየት እንሞክራለን። የመጽሐፉን ስም በአማርኛ «አሻግሮ የሚያሳይ ክፍል» ልንለው እንችላለን፤ ዓመታቱንም ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

የማኅበር ጉብኝት በዚያ ዘመን አዲስ ነገር አልነበረም። ቶማስ ኩክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1841 ዓ.ም. 500 ያህል ሰዎችን፥ ከእያንዳንዳቸው 1 ሽልንግ ተቀብሎ፥ ከሌስተር ወደ ላፍበራ በባቡር ከወሰደ በኋላ ሥራው እየሰፋ ሄዶ በ1855 ዓ.ም. ባሕር ተሻገረ። ካርል ቤዴከር የተባለው ጀርመናዊ አሳታሚ የጀመረው ባለ ቀይ ሽፋን የመንገደኞች መምሪያ መጽሐፍም በብዙዎች እጅ ገባ። ፎርስተር ራሱ ኢጣልያን ያየው እናቱን ይዞ ነው። አባቱ የሞቱት ሁለት ዓመት ሳይሞላው ስለ ሆነ ያደገው በእናቱ እጅ ነበር፤ በ1901 ዓ.ም. ከእናቱ ጋራ ወደ ኢጣልያ ሄዶ በፍሎሬንስ ከተማ በአንድ የእንግዶች ማረፊያ ተቀመጠ። መጽሐፉም የተፀነሰው ከዚያ ጉዞ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው እንደዚያ ባለ ማረፊያ ውስጥ፥ በእራት ገበታ ላይ ነው። ሉሲ የምትባል ወጣት እናቷን እንግሊዝ አገር ትታ፥ በዕድሜ ከምትበልጣትና ጠባቂዋ ከሆነችው ዘመዷ ጋራ መጥታለች። የአርኖን ወንዝ የሚያሳይ ክፍል ተስፋ ተሰጥቷቸው ሳለ ወደ ውስጥ ግቢ የሚያይ ክፍል ስለ ደረሳቸው ያዝናሉ። ይህን የሰሙት ሚስተር ኤመርሰን የተባሉ ሽማግሌ የእርሳቸውና የልጃቸው የጆርጅ ክፍሎች ወንዙን ስለሚያሳዩ እንዲለዋወጡ ይጠይቋቸዋል። ነገሩ ቸርነት ነበር፤ ነገር ግን ሳይተዋወቁ እንዲህ መናገር በዚያ ገበታ ነውር ስለ ሆነ፥ ቸርነቱ እንደ ድፍረት ተቈጠረ።

ከሁሉ የሚልቀው ግን በሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚሆነው ነው። የሉሲን መምሪያ መጽሐፍ አብራት የወጣች አንዲት ደራሲት ይዛባት ስለ ሄደች፥ ወጣቷ የቱን መቃብር ማድነቅ እንደሚገባት የሚነግራት አጥታ ትቸገራለች። በዚህ መካከል አንድ ሕፃን በተጋደመ የጳጳስ ሐውልት እግር ተሰናክሎ ይወድቃል። ሽማግሌው አንሥተው አቧራውን ያራግፉለታል፥ ጕልበቱን ያሹለታል፤ ሕፃኑ ግን መቆም ይሳነዋል፤ በመጨረሻ የምትጸልይ አንዲት ኢጣልያዊት ተነሥታ ታቆመዋለች። ቀጥሎም አንድ ቄስ ማኅበራቸውን በጆቶ ሥዕሎች ፊት ሰብስበው ቤተ ክርስቲያኑ በእምነት መሠራቱን ሲያስረዱ፥ ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፥ ይህ ማለት ሠራተኞቹ ተገቢውን ክፍያ አላገኙም ማለት ነው ይላሉ። ቄሱ ማኅበራቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሽማግሌው አስቀይሜ እንደ ሆነ ብለው ይቅርታ ሊጠይቁ ይከተሏቸዋል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን የልጁን አኳኋን ነው። ጆርጅ አባቱን በሰው ፊት አይክድም። ሌሎች ሰዎች ደግ የሚሆኑት ጠባያቸውን ለማሳመር እንደ ሆነ፥ አባቱ ግን ሰውን ስለሚወዱ ደግ እንደሚሆኑ፥ ሰዎችም ይህን ሲያውቁ እንደሚቀየሙ ወይም እንደሚፈሩ ለሉሲ ይነግራታል። እኛም የመጽሐፉ ዋና ዳኝነት ይህ ነው እንላለን። ማኅበሩ ሥዕሉን ያያል፥ የወደቀውን ሕፃን ግን አያይም። ሽማግሌው መምሪያ ሳይዙ ሁለቱንም ያያሉ። ልጁን ሊያሳፍሩት ይችሉ የነበሩት እነዚያው አባት፥ በዚያ ቤት ውስጥ ዓይናቸው የተከፈተ አንዱ ሰው ናቸው።

ይህን ያህል ካመሰገንን ጕድለቱንም መሸፈን አይገባንም። ፎርስተር ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ሚስተር ኤመርሰንን የራሱ ሰባኪ ያደርጋቸዋል፤ ሉሲን ልቧን እንድትከተል ሲመክሯት የምንሰማው ደራሲውን እንጂ ሽማግሌውን አይደለም። ሕፃኑን ማቆም ያቃታቸው ኤመርሰን፥ ምክራቸው ሁሉ ከሚሰምርላቸው ኤመርሰን ይልቅ እውነተኛ ሰው ነበሩ። ደግሞም ደራሲው ኢጣልያውያንን አያዩም ብሎ በጎብኝዎቹ ላይ ይሳለቃል፤ ነገር ግን ወደ ፊዬሶሌ የሚወስዳቸውን ባለ ሠረገላ ፋኤቶን፥ ወዳጁን ፐርሴፎኔ ብሎ ከግሪክ ተረት ስም ያወጣላቸዋል እንጂ የገዛ ስማቸውን አይነግረንም። ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳስበናል። እናቱን ይዞ የተጓዘው ደራሲ በጻፈው ጉዞ ላይ እናት የለችም፤ የሉሲ እናት እቤት ቀርታለች፥ ነፃነትን የሚያመጡትም የሌላ ሰው አባት ናቸው። የሌላውን ሰው ወላጅ ማድነቅ ቀላል ነው። የገዛ ወላጅን በመንገድ ላይ አድንቆ መጻፍ ግን ፎርስተር እንኳ ያልደፈረው ሥራ ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን የትንሣኤን በዓል በኢየሩሳሌም ለማክበር በማኅበር ይሄዳሉ፤ ወላጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱ ልጆችም አሉ። ቀዩ መጽሐፍ ዛሬ በእጅ ስልክ ተተክቷል፤ ልጅ ስልኩን ይዞ ከአንዱ ሥፍራ ወደ ሌላው ለመድረስ ሲቸኵል፥ እናት ግን በአንዲት ደፍ ላይ ተንበርክካ መነሣት ትረሳለች። መሪው ሰዓት ያያል፥ ማኅበሩ ይጠብቃል፥ ልጅም ያፍራል። ነገር ግን ጎልጎታን በዓይኗ ሳታይ በስብከትና በስግደት ዕድሜዋን ሙሉ ስታውቀው የኖረችው እርሷ ናት፤ በዚያ ሥፍራ መሪ ልትሆን የሚገባትም እርሷ ነበረች።

እንግዲህ የፎርስተር መጽሐፍ ለመምህራንና ለተማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት መምሪያን ጣሉ የሚል አይደለም፤ ያለ መምሪያ የጆቶን ሥዕል ከሌላው ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነውና። ትምህርቱ፥ መምሪያው ዝም ባለ ጊዜ ከጐንህ የቆመውን ሽማግሌ ስማ የሚል ነው። ወላጁን ይዞ የሚጓዝ ሰው ሁለት አገር የማየት ዕድል አለው፤ አንደኛው መሪው የሚያሳየው፥ ሁለተኛው ወላጁ የሚያዩት ነው። የመጀመሪያውን በፎቶግራፍ ይዞ መመለስ ይቻላል። ሁለተኛውን ግን ወላጅ በሕይወት ሳሉ፥ እዚያው በመንገድ ላይ ካልጠየቋቸው በቀር በኋላ ፈልጎ አያገኙትም።